ኮቱ አለ

ከጉዱማሌ በላይ፣ ከሐይቁ ዳር ትንሽ ራቅ ብሎ፣
ባለ አምስት ፎቅ ቢሯችን ቆሟል፣ መስታወቱን ለፀሐይ ጥሎ።
በሐምሌ ወር ታዘዝኩ፣ በትከሻዬ መሰላል፣
በካርቶን ውስጥ ስልሳ ዐይን፤ እያንዳንዱ ጥፍር ያህላል።
“ጠረጴዛ ስር ለጥፈው” አሉኝ፤ “ሙቀትና ንቅናቄ ያውቃል፤
ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ፣ እንቅልፍ አጥቶ ይጠብቃል።”

እኛ ቤት ከሴንሰር በፊት መለኪያ የነበረ፣
ኮት ነው፤ በጧት ተሰቅሎ ወንበር ላይ ያደረ።
“አቶ ላንቃሞ የሉም?”
“አሉ እንጂ! ይኸው ኮታቸው፤
አሁን ወጣ አሉ፤ ይመጣሉ፤ ስብሰባ ይዟቸው።”
ባለጉዳይ ኮቱን ያያል፣ ለኮቱ ጎንበስ ይላል፤
ነገም ይመጣል፤ ኮቱ ነገም እዚያው ይውላል።

ሁለት ሳምንት ቆየሁ።
ስክሪኑ ላይ ፎቁ ተነጠፈ፣ ወንበሩ በነጥብ በነጥብ፣
ቀይ ሰው ላለበት፣ ግራጫ ለባዶው፤ ብል እንደ በላው ጥበብ።
ኮቱን አላወቀውም ዐይኑ። ኮት ሙቀት የለውማ።

ጀማነሽን ግን፣ የሒሳብ ክፍሏን፣ “የለችም” ብሎ ጻፈ።
ወርጄ ባይ አለች፤ ደረሰኝ ክምር ውስጥ ገብታ፣
ከብዕሯ ጫፍ በቀር ሳትነቃነቅ፣ ከጧት እስከ ማታ።
መስኮቷ ላይ አባ ኮዳ ቆሟል፤ እሱም እንደ እሷ ዝም።
“እጅሽን በየሩብ ሰዓቱ አንሺ” አልኳት፤ አፈርኩኝ፤
ሳቀች፦ “ሃያ ሁለት ዓመት ሳልታይ ኖሬ፣ ዛሬ ለዕቃ ታዪ አልከኝ?”

አንድ ዐይን ተረፈኝ።
ማንም ሳያዘኝ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ከአግዳሚው ስር ለጠፍኩት፣
ባለጉዳይ ከሚጠብቅበት።

ያቺ ነጥብ ግራጫ ሆና አታውቅም።
ሀመሶ ከይርጋለም በመጀመሪያው ሚኒባስ ይደርሳል፣
የመሬቱን ወረቀት በፌስታል ጠቅልሎ፣ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል።
እሱ ሲነሳ አራስ ትቀመጣለች፣ እንጨቱ ሳይበርድ ገና።
ቀይ። ቀይ።
የምሳ ሰዓትም ቀይ።

ሪፖርቱ ቀረበ። ሥራ አስኪያጁ ጣታቸውን ነጥቧ ላይ አሳረፉ፤
“ይሄኛው ተበላሽቷል።”
“አልተበላሸም። ሰዎች ናቸው።”
“የእኛ ሠራተኞች?”
“አይ፣ ባለጉዳዮች።”
መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ አሰብ አደረጉና፦
“እንግዲያው አግዳሚውን አንሱት።”

ዛሬ አግዳሚው የለም። አንድ ምስማር ቀርቷል ግድግዳው ላይ።
ሀመሶ በአንድ እግሩ ቆመ፣ በሌላው ቆመ፣ ሰዓት አየ፤
በዝናብ የራሰ ኮቱን አወለቀ፣ በምስማሩ ሰቀለ፤
“ሻይ ቀምሼ ልመለስ” አለኝ፤ “ከጠሩኝ በላቸው፦ ኮቱ አለ።”