የቆርቆሮው ዶሮ ጠበቃ

ኅዳር ነው፣ ብርኖ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፣
ትራም ባለፈ ቁጥር መስኮት የሚያስደነግጠን።
መምህርት ይትካ ወለሉን በጠመኔ ለሁለት ከፍላ፣
«በመስኮት በኩል ከሳሽ፣ በግድግዳ በኩል ጠበቃ» ብላ፣
ሰዓቷን ፈታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

መጽሐፉ ስለ አንድ የቆርቆሮ ዶሮ ነው፤
የደወል ቤት ጫፍ ላይ ነፋስ የሚያዞረው፤
ዕድሜውን ሲዞር ኖሮ፣ አንድ ማለዳ ግን
«ነፋስን የማዝዘው እኔ ነኝ» ያለ፤
«አይደለህም» ያለው ወፍ ሁሉ
ላባው የተነቀለ።

ዕጣው ከኦንድሬይ ኮፍያ ወጣ፤
ለቦዤና ክስ፣ ለእኔ ዶሮው መጣ።
ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ቦዤና ቀድማ ተነሣች፤ ወረቀቷ በቀይ የተሰመረ፣
ገጽ አርባ ሁለትን፣ ገጽ መቶ ሦስትን በተራ የቆጠረ።
«ድንቢጧ ምን አጠፋች፣ ‹ብርዱ ከሰሜን ነው› ከማለት በቀር?»
ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን የማይሰበር።

እኔ ወረቀት አልያዝኩም። ተነሣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።
«ጓዶች» ልል ትንሽ ቀረኝ፤ «ጓደኞች» ብዬ አረምኩ።
«ላባ ተመልሶ ይበቅላል፤ መንጋ ግን ከተበተነ
ማን መልሶ ይሰበስባል? ዶሮው ለማን ብሎ ባከነ?
ድንቢጧን አልጠላትም፤ ግን ማነው የላካት?
ሰሜን ሰሜን ያሰኛት፣ ማን ጥሬ በትኖላት?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። መስኮቱ ብቻ ነዘረ።

ቃሉን እኔ አልፈለግኩትም፤ እሱ ነው ያገኘኝ፦
የቀበሌው አዳራሽ፣ ቢጫ ቀለሙ የተላላጠ፣
እኔ የስድስት ዓመት ልጅ፣ አፌ ውስጥ ከረሜላ፣
አባቴ ጠረጴዛውን በቁልፍ እየመታ
«ማን ላከሽ?» ሲላት አንዲትን ሴት፣
ውኃ ለምን ጠፋ ብላ እጇን ያወጣችን።
ስሟን አላውቅም።
የነጠላዋ ጥለት አረንጓዴ ነበር።

«አውራ» የሚለውን ቃል በቼክኛ አጣሁት፤
በእኛ ዶሮም ነው፣ ጎዳናም ነው፣ ፓርቲም ነው፤
ዝም ብዬ ዘለልኩት።

ድምፅ ተሰጠ፤ አሥራ አራት ለዘጠኝ። ዶሮው ነጻ ወጣ።
ራዲም ትከሻዬን መታ መታ አደረገ።
ይትካ ሰሌዳውን ስታጠፋ ቆየች፣
ምንም ያልተጻፈበትን ጥግ ጭምር አጠፋች፤
«ይህን የት ተማርከው?» አለች ሳትዞር።
እንዳልሰማ ቦርሳዬን ዘጋሁ።

ቦዤና ደረጃው ላይ ነበረች፣ ጓንቷን እያጠለቀች፤
«ለአንድ ደቂቃ» አለችኝ፣ «ድንቢጧን ጠረጠርኳት።» ወረደች።

ፌርማታው ላይ አሥራ ሁለት ቁጥር መጣ፤
የሚነዳው አባቴ ነበር።
በመብራት ጠራኝ። በሩ ተከፈተ።
«ቀጣዩን» አልኩት በእጄ።
እንደ ልማዱ መስታወቱን በቁልፍ ቆረቆረና ሄደ።

ጣቴን በምራቄ አርጥቤ ወደ ላይ ቀሰርኩ።
ከሰሜን ነበር።