ዜሮ እስኪል

ውኃ በስምንት ቀን፣ ያውም ሌሊት መጥቶ፣
ሲነጋ በሚሄድበት፣ ቧንቧውን አንኳክቶ፣
እዚህ ሆጤ ላይ ነው፣ ደሴ፣ ከጦሳ ሥር፣
ሙሄ የተነሣው ባሕር ሊሠራ፣ ባሕር።

የመስታወት ሣጥን አሠርቶ ከፒያሳ፣
ሁለት መቶ ሊትር፣ ለሁለት ትንንሽ ዓሣ።
ድሮ ረዳቱ የነበር፣ ዛሬ ጅቡቲ የሚነዳ፣
«ዓሣውስ ከእኔ» አለው፣ «ውኃው ነው ያንተ ዕዳ።»

እኔም፦ ውኃ ደግሞ ምን ይመረጥበታል?
ጨው ነስንስበት በቃ፤ ዓሣ ምኑን ያውቃል?

ሳቀና ብዕር የመሰለ መለኪያ ከኪሱ አወጣ፣
በርሜሉ ውስጥ ነከረው፤ ሦስት መቶ አሥር መጣ።
አሸተተው፤ ክሎሪን። «ለኛስ አላህ ይስጠው ዋጋ፣
ለነሱ ግን ትንፋሻቸውን የሚገርፍ አለንጋ።»

ሐይቅስ? ብለው ሄደ፤ ቀድቶ በጄሪካን፣
ቁጥሩ ጭራሽ ወጣ፣ አምስት መቶ ሆነን።
«ጅረቱን ሁሉ» አለ፣ «ዓመት ሙሉ ጠጥቶ፣
መውጫ የለው ምስኪን፣ ይኖራል ተኝቶ።»

የነሐሴው ዝናብ ከቆርቆሮው ወርዶ
አሥራ ሁለት አለ። «ይኸው!» አልኩ፣ ልቤ ደስታ ወልዶ።
እሱ ጣሪያውን አየ።
«ዚንኩን ልሶት ነው የወረደ።»

ቦርከናን? የቦርከናን ስም አላነሣንም።

እትዬ ስንዱ ወሬው ደርሷቸው መጡ፣
ከግሸን የመጣ ጠበል በሃይላንድ ሰጡ።
መለኪያውን አልነከረም። በሁለት እጁ ያዘ፣
«ይሄ አይለካም» አለና አኖረው፣ እየተከዘ።

በመጨረሻ ማጣሪያ ተሰቀለ፣ አራት ነጭ ቱቦ፤
አንዱ ጭቃ ያዥ፣ አንዱ ከሰል፣ ሌላው በምን ይሁን ተስቦ
ብቻ፣ አራት ባልዲ ሲገባ አንድ ነው የሚወጣ፤
ሦስቱ «አልተመረጥክም» ተብሎ በጎን ይጣላል ባንድ አፍታ።
እዚህ ላይ ተጣላን። በስምንት ቀን የመጣ ውኃ!
ሰው ወረፋ ቆሞ፣ ጉሮሮው ደርቆ እንደ በረሃ!
«አብሽሪ» ብቻ አለኝ። ማግስቱን ሌላ በርሜል ገዛ፤
ልብስ አጠብኩ ከተጣለው፤ ጎመኔም ጠጥቶ ወዛ፤
የእትዬ ስንዱም ልጅ በሁለት ባልዲ ወሰደ።
ጠባችን እንዲያ ነው፣ ሳንታረቅ የሄደ።

ያቺ የተመረጠችው ባልዲ ሞላች።
ነከረው።
ዜሮ።
ቀመስኩት። ውኃ አይደለም፣ የውኃ ዝምታ ነው፤
ዝገት የለው፣ ድንጋይ የለው፣ ጦሳ የለው፣
ከየት መጣህ ቢሉት መልስ የለው።
«ባሕር የሚሆን ውኃ» አለኝ፣
«አስቀድሞ አገሩን ይርሳ።»

አሞሌ ስሰጠው ሳቀብኝ፦ «እሱ ለወጥ ነው።
ባሕር ጨው ብቻ መሰለሽ?»
ከጅቡቲ ባስመጣው ከረጢት፣
ከአንጥረኛው በተዋሰው ሚዛን፣
ለሊትር ሠላሳ አምስት ግራም፣ አፉ እየቆጠረ፣
በእንጨት ማማሰያዬ አማሰለው።
ማማሰያዬን አልመለሰም።

ሃያ ሁለት ዓመት ኤንትሬ ነድቷል፣ አሰብ።
ባቲን ወርዶ፣ ሚሌን ቆርጦ፣ ኤሊዳርን በሌሊት።
ሲመለስ ጆሮው ውስጥ አሸዋ፣
ሸሚዙ ጀርባ ላይ ነጭ የጨው ካርታ።
እኔ ነበርኩ አጣቢው፤
በየወሩ ያን ባሕር በሳፋ ዘፍዝፌ
ደጅ የምደፋው።
«አንድ ቀን እወስድሻለሁ» ይል ነበር።
መንገዱ ተዘጋ።
እሱ ቃሉን አላነሣ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

አሁን ሣጥኑ ሞልቷል። ዓሣ የለም ገና፤
«አንድ ወር ይቆይ፣ ውኃው ራሱን ይልመድ» ይላል።
መብራት ሲጠፋ፣ ይኼ የደሴ ብርድ ሲነክስ፣
የኔን ጋቢ ያለብሰዋል።

ትናንት ሌሊት ተነሣሁ።
ጋቢውን ገልጬ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ፣
ጣቴን ነክሬ ላስኩ።
ያ ሸሚዝ ነው።

«በዛ?» አለኝ ከአልጋው፣ በጨለማ።
«ልክ ነው» አልኩት።