ሦስተኛው ጣሳ

ከቅዳሜ ገበያ፣ ከጨው ተራው ኋላ፣
ጣሳ በእንጨት ደፍታ የምትሸጥ ጠላ
አንጓች የምትባል አንዲት ሴትዮ አለች፤
"ግባ" አትል፣ "ውጣ" አትል፣ ጣሳ ታቀብላለች።

እኔ እንኳ ሹፌር ነኝ፣ ለቢራ ፋብሪካ፣
ሳጥን ሳወርድ ነው ወገቤ የሚነካ፤
ማታ ግን መኪናዬን አዘዞ አቁሜ
እዚህ ነው የምገኝ፣ ከዱካ ላይ ታድሜ።
(ለአለቃዬ አትንገሩ።)

አስተያየት አለኝ፣ ማንም ባይጠይቀኝ፦
የጠርሙሱ ቢራ ሆዴን ነው የሚነፋኝ።
ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፣ ሰኞም ሆነ እሑድም፤
ተሳስቶ አያውቅም፣ ተሳክቶም አያውቅም።
የአንጓች ግን ሰው ነው። ጌሾ ሲበዛበት
ምላስ ይቆነጥጣል፣ እንደ እንጀራ እናት፤
ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ስታጥነው
ጢምህ እስከ ማግስቱ ጭስ ጭስ ነው የሚለው።
ስሙ ጠላ ሆኖ እንዲህ መወደዱ!
አምና ባስር ነበር፤ ይታያችሁ ጉዱ።
ኮረፌም አላት፣ ለወዳጅ የምትቀዳው፤
የሚያኮርፈውስ እሱን ያጣ ሰው ነው።

ዱካው ላይ ማን አለ? ምንውየለት፣ ከደጀን፣
"ጠላ በጎጃም ነው" የሚል፣ ሦስት ጊዜ በቀን።
ሸንቁጤ፣ መንዜው፣ ቃል ከጉሮሮው ሲስብ።
እንድሪስ፣ ከወረኢሉ፣ ለብቻው በተቀመጠች ማሰሮ
ቃሪቦውን እየተጎነጨ የሚዳኘን፣ ሰክረን ስንጣላ።

"ከቤት መጣሁ" ስል እኔ፣ "ተቤት" ትላለች አንጓች፤
"ኸቤት" ይላል ሸንቁጤ። ክርክሩ ይሞቃል።
እንድሪስ ቃሪቦውን ያስቀምጣል፦
"ከም በሉት፣ ተም በሉት፣ ኸም በሉት፣ ያው ነው፤
ሁላችሁንም ሚስት አባርራችሁ ነው።"

ያለፈው ቅዳሜ መጣ የእህቷ ልጅ፣
ኪሩቤል፣ ካዲስ አበባ፣ በእጁ ጠርሙስ ይዞ።
ጓዳው ውስጥ በትንሽ በርሜል ቢራ ይጠምቃል አሉ፣
ማንጎ ይጨምርበታል። እግዚኦ።
አቀመሰን። ዝም አልን።
ምንውየለት ጉሮሮውን ጠራርጎ፣
"ጭማቂ ነው?" አለ፣ "ወይስ የታመመ ማንጎ?"
ሸንቁጤ ግን ደገመ። ደግሞም ደገመ።
እኔም ልዋሽ አልችል፣ መጥፎ አልነበረም፤
ምሬቱ ዘግይቶ መጣ እንጂ፣
ሰርግ ካለቀ እንደሚደርስ ዘመድ።

"አክስቴ፣" አለ ልጁ፣ ስልኩን ደቅኖባት፣
"ብቅሉ ስንት ኪሎ? ውኃውስ ስንት ሊትር?"
"ምን ኪሎ አለው ልጄ?
ብቅሉን አስጥቸ፣ አሻሮ ቆልቸ፣
ጌሾውን ወቅጨ፣ ተጋኑ ከትቸ፣
ጆሮየን ለጥፌ፣ ድምጡን አዳምጨ፣
ሲያንሾካሹክ ልተወው፣ ዝም ሲል ልቅዳ።"

ስልኩ ሰምቶ ጻፈ። ግን ስልክ ምኑን ያውቃል፣
"ቸ" ያለችውን ሁሉ "ቼ" ብሎ አርሞታል።
አንጓች ፊደል ቆጥራለች፤ መነጽሯን አጥልቃ አየች፣
ከላይ እስከ ታች አነበበች፣
"ይች ሴትዮ ማን ነች?" አለች፣
"እኔን አትመስልም። ሸዌ ነች።
በሷ ቃል ብትጠምቀው እንዳይከፋህ፣
ጋኑ ዝም ብሎ ያይሃል።"
ልጁ ቀላ። አንድ በአንድ፣ በአውራ ጣቱ፣
እግሯን ከያንዳንዷ "ቼ" ላይ ነቀለ፤
እስኪመሽ ፈጀበት።

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።
ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ስነዳ
ልጄ ስመኝ "አባ፣ መጥቸ አይባልም" እያለች
አርማኝ ነበር። ታረምሁ።
ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትሆን ታፍርብኝ ነበር መሰለኝ፤
አልጠየቅኋትም።
አሁን ያቺ "ቼ" በአንደኛው ጣሳ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣
በሁለተኛው ትላላለች፣
በሦስተኛው እንደ ወተት ጥርስ ትወልቃለች።
"ስካር ነው" ይላል ምንውየለት። ስካር ነዋ!
ምን ላድርግ፣ በጤናዬ እንቢ ይለኛል።

ሲመሽ ሂሳብ ጠየቅሁ።
"አራት ጣሳ" አለች አንጓች።
"ሦስት ነው የጠጣሁት!" ብየ ተከራከርሁ።
ጣሳዬን ደፍታ አሳየችኝ፣ ጠብታ የለበትም፦
"ሦስቱን በቼ ጠጣህ፣
አራተኛውን በቸ።
እሱን አታስታውሰውም።"