አንድ ሚሊዮን ሦስት

በይርሳው ጀልባ ሞተር ጎን፣ ብረቱ ላይ ተወቅሮ፣
አንድ ቁጥር አለ፤ በዝገትና በዘይት ታጥሮ።
በጥፍሬ ብፍቀው ቀስ እያለ ወጣ፤
አንድ፣ አምስት ባዶ፣ ሦስት፤ ከሩቅ አገር የመጣ።

እኔ የዓሣ ማኅበሩ መዝጋቢ ነኝ፤ እንጀራዬ ማካፈል፤
ይህን ያህል ለመረቡ፣ ይህን ያህል ለነዳጁ፣ ቀሪው የአጥማጁ ዕድል።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ በጣና ዳርቻ፣
ያልተካፈለ አላየሁም፤ ይህን ቁጥር ብቻ።

ለሁለት አልኩት፤ እንቢ፣ ጎዶሎ ነው ጫፉ።
ለሦስት፤ አሃዞቹ ሲደመሩ አራት፣ አንድ ነው ትርፉ።
ለሰባት ሰጠሁት፤ አራት መለሰልኝ።
ለአሥራ አንድ፤ አራት። ለአሥራ ሦስትም አራት አለኝ።
ተማክረው ነው እንዴ?
ለአሥራ ሰባት ስሰጠው ግን አሥራ ሁለት ጣለ፤
የመዝገቤ ጀርባ በቀሪ ተሞላ፣ ቦታ የትም የለ።

መብራት ጠፋ። በሻማ ቀጠልኩ። የኔአየሁ ነቃች፤
"አባባ፣ ምን ትቆጥራለህ?" አለች።
"ዓሣ" አልኳት፤ ዋሸሁ።
ወረቀቱን ነጥቃ አየች፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤
"እስከ ሺህ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አትድከምበት።
ከሺህ የሚበልጥ አካፋይ ቢኖረው፣
ከሺህ የሚያንስ ጓደኛ አለው፤ እሱን ነው የምትይዘው።
ደግሞ በሁሉም አታካፍል፤ በብቸኛ ቁጥሮች ብቻ፤
መቶ ስልሳ ስምንት ናቸው" ብላ፣
ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ብቸኛ። ቃሉን ከጥቁር ሰሌዳ ገልብጬው አውቃለሁ፤
ሰው ሰው መሽተቱን ግን ያን ሌሊት ሰማሁ።

ሦስት ሌሊት ፈጀ። መቶ ስልሳ ስምንት በር አንኳኳሁ፤
በመጨረሻው፣ በዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት፣ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤
አሥራ ሁለት ተረፈ።
ያው የአሥራ ሰባቱ አሥራ ሁለት! በሽምብጥ በኩል ዶሮ ጮኸ።
ከአንድና ከራሱ በቀር ማንም አይገባበትም።

እሑድ፣ ወደ ደብረ ማርያም ስንሻገር፣ ለመሪጌታ ልሳነ አሳየኋቸው።
ጣታቸውን ውሃ ነክረው በጀልባው ጠርዝ ላይ ጻፉ፤
፻፼፫
"ሦስት ምልክት ነው እኮ" አሉ። "ባዶዎቹስ?" ብላቸው፣
"ግእዝ ባዶ አይጽፍም" ብለው ጋቢያቸውን አጣፉ።
ጽሑፉን ፀሐይ ጠጣው።

ቀና ብዬ አየሁ።
አንዱ እዚህ፣ በባሕር ዳር፣ ከደንገሉ ጥግ ቆሟል፤
ሦስቱ ማዶ፣ ጎርጎራ፣ ጭጋግ ለብሶ ተቀምጧል፤
መሐላቸው አምስት ባዶ፤
ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ።
ባዶ ነው የሚል ካለ፣
ከይርሳው ጋር አንድ ሌሊት መረብ ይሳብና ያውራኝ።

ማክሰኞ አርባ ሰባት ቀረሶ ወጣ፤ አጥማጆቹ አራት፤
አሥራ አንድ አሥራ አንድ ደረሳቸው፤ ሦስት ቀረ፣ ለጭቅጭቅና ለራት።
እነሱ ሲሟገቱ፣ አርባ ሰባትን ደጋግሜ አየሁና
ብቻዬን ሳቅሁ።
"ምን ያስቅሃል?" አለኝ ይርሳው።
ሞተሩ ጮኸና መልሴን በላው።