ጳጉሜ ሦስት

የሦስተኛ ዓመት ነን፤ ስፖርት ማኔጅመንት።
ጉም ከጦሳ ወርዶ በመስኮት የገባ ዕለት
መምህር አስናቀ፣ እጃቸው ከኪስ ሳይወጣ፣
«ባሕር ማዶ ላለ ክለብ ግብዣ ጻፉ፤ ይምጣ
አይምጣ ግድ የለም፤ የሚያርማችሁ መልሱ ነው» አሉን።
እኛ እንደሆን ዓለምን አውቀን የጨረስን መስሎን!

ይመር፣ ሸዋበር፣ የባጃጅ ጥግ ተቀምጦ፣
የመስመር አጥቂውን የሳምንት ደሞዝ ቆርጦ
ይነግርሃል፤ የፀጉሩን ቅርጽ፣ የጉልበቱን ጠባሳ።
ያ ልጅ የት አደገ? ሲሉት ግን ጭጭ፣ እንደ ጦሳ።

ጦይባ ጻፈች፣ የሞባይሏ ብርሃን ፊቷ ላይ፣
ለአንዲት ትንሽ ክለብ፣ ከውቅያኖስ ጫፍ፣ ኡራጓይ፦
«ጳጉሜ ሦስት፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ደሴ፣ ሆጤ።
ማደሪያ አለ፤ ምግብ አለ፤ ኑልን በሞቴ።»
በእንግሊዝኛው ላይ «በሞቴ»ን እንኳ አልተወችው።

መልሱ በሳምንቱ። ግራሲዬላ የምትባል ጸሐፊ ናት የላከችው፦
«ጳጉሜ የሚባል ወር ፈልገን አጣን።
ከሌሊቱ ሦስት ሰዓት ኳስ? መብራት አላችሁ?
ደግሞስ፣ ይቅርታ፣ ማን ሞተባችሁ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ መጀመሪያ በሴትዮዋ፣
ቀጥሎ በጦይባ።
እሷ አልሳቀችም። ጠመኔ አነሣች። ሁለት ክብ ሣለች፤
አንዱን ከንጋት፣ አንዱን ከእኩለ ሌሊት ጀመረች።
«እሷ ቀኗን በጨለማ ትቆጥራለች፣ እኛ ፀሐይ አይተን፤
የተሳሳተ የለም፤ ያልነገርናት እኛው ነን፤
ሰው ሁሉ በኛ ሰዓት የሚነቃ መስሎን።»
የመምህር አስናቀ እጅ ከኪሱ ወጣ።

ደግማ ጻፈች፤ ሁለት ቀን ጎን ለጎን፣ ሁለት ሰዓት ጎን ለጎን፤
ጳጉሜ የዓመቱ ትርፍራፊ፣ አምስት ቀን፣ ሲሻት ስድስት መሆኗን፤
«በሞቴ»ም፣ የሞተ ሳይኖር፣ እንቢ አትበሉኝ ማለት መሆኑን።
ግራሲዬላ ጠየቀች፦ «ለአሥራ ሦስተኛው ወር ደሞዝ ይከፈላችኋል?»
ጦይባ፦ «ይቺን ጥያቄ አባቴም ሠላሳ ዓመት ጠይቋል።»

አልመጡም። ለካ እነሱም ለአውቶቡስ ብር ይለምናሉ፤
ማሊያቸውን እናቶች በተራ ያጥባሉ።

ጳጉሜ ሦስት ነጋ። የሩፋኤል ዝናብ ሆጤን አረሰረሰው፤
የክርስቲያኑም የእስላሙም ልጅ ወጥቶ አናቱን አራሰው።
ይመር የማዕዘን ባንዲራ ይዞ ጭቃ ውስጥ ተተክሏል።
ልክ በሦስት ሰዓት የጦይባ ስልክ ጮኸ፦
«ተጀመረ ወይ?»

እዚያ ሌሊት ነው። ከእንቅልፏ ተነሥታ ነው።
ቆጠርን፤ በጣታችን ደገምነው፤
የሷ ሰዓት በጨለማ፣ የኛ በዝናብ፣
ሁለቱም ሦስት ላይ ቆመዋል።

ጦይባ በረጠበ አውራ ጣቷ ጻፈች፦
«ገና ነን። እስኪያባራ ጠብቂን፣ በሞቴ።»

ጠበቀችን።