የጠፋ ሌላ፣ የሞተ ሌላ

ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ፣ ሰራተኛ ሰፈር፤
የግራ ሌባ ጣቴ ጫፍ የለውም ከምር።
"ምን በላው?" ላለኝ ሰው "ቲቪ ነው" እላለሁ፤
ከሶኬት ነቅዬው፣ "በድን ነው" እያልሁ።

ሐሴት የመጣችው በጥቅምት ማለቂያ፣
እጅጌዋ ተበሳስቶ በትኩስ ካውያ፤
"ጋሼ፣ ያረጀ ቲቪ፣ ሆዱ ያልተነካ
አለዎት?" አለችኝ። ነበረኝ ለካ፣
ስድስት ዓመት ሙሉ ባለቤት ያልጠራው፣
አቧራ የለበሰ፣ ድመት ያደረበት ጣራው።
"ምን ሊያደርግልሽ?"
                    "መብረቅ ልሠራበት።
አራት ኪሎ ትርኢት አለ፣ ተማሪ የሚያሳይበት።"

ዝም ብዬ አልሰጠኋት። ወንበር ሳብኩና
ፊቴ አስቀመጥኳት፤ እጄን ዘረጋሁና፣
"ቁጠሪ" አልኳት። ቆጠረች። "አራት... ተኩል።"
ዓይኗን ግን አላዞረች ወደ ሌላ በኩል።

"እንግዲያስ ስሚኝ፤ ካፓሲተር ቂመኛ ነው፤
ያጎረሱትን ቮልት ቆይቶ ነው የሚተፋው።
ስትቀርቢው ግራ እጅሽ ኪስሽ ውስጥ ይክረም፤
ልብሽን ድልድይ አርጎ መሻገር አያቅተውም።
ዘንግ ያዢ፣ እጀታው ፕላስቲክ፣ ሽቦው መሬት የነካ፤
መጀመሪያ ዘንጉ ይንካው፣ ጣትሽ ቀድሞ እንዳይነካ።
የጠፋ ሌላ ነው፣ የሞተ ሌላ ነው፤
ሐሴት፣ ይሄን ብቻ እንደ ስምሽ ያዢው።"

ከፒያሳ ኬክ ቤት የተጣለ የመስታወት ሳጥን
ገዛን፣ ቶርታ ሲደረደርበት የኖረውን።
ታናሽ ወንድሟ ኢዮስያስ የበር ደወል ቁልፍ አመጣ፤
ጣት ሲጫነው የሚሠራ፣ ሲለቁት ነፍሱ የምትወጣ።
ከእናቷ ጓሮ ቢጫ የልብስ ገመድ ፈታን፣
ሦስት ሜትር ዙሪያ ሊያጥር፣ ሰው እንዳይጠጋን።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ጢም አለ በሰው።
እዚህ የካርቶን እሳተ ገሞራ፣ ኮምጣጤ የሚያስለው፤
እዚያ የጫጩት ማስፈልፈያ፣ አንድ አምፑል የሚያሞቀው፤
መሀል ላይ የኛ ሳጥን፣ "አደጋ" ተጽፎበት በቀይ፣
"ትኩስ ኬክ አለ" የሚለው ገና ሳይላጥ ከላይ።

ኢዮስያስ ተጫነ። ጥዝዝ አለ። አየሩ
እንደ ክረምት መግቢያ ሸተተ፤ ሐምራዊ ክሩ
ከሚስማር ወደ ሚስማር ዘለለ፣ ተንቀጠቀጠ፤
አንድ ሕፃን "እ!" አለ፣ አባቱም አፈጠጠ።
ዳኛው ገመዱን ከፍ አድርገው ሊገቡ ሲሉ
"እኔ ኢንጂነር ነኝ፣ ግድ የለም" አሉ።
"ይቅርታ፣ ኢንጂነር፣ ከገመዱ ወዲያ።"
ድምጿ ቀጠነ፤ እጇ ግን ነበር እዚያ፣
ኪሷ ውስጥ።
ተመለሱ። የሆነ ነገር ጻፉ።

ያኔ መብራት ሄደ፣ እንደ ልማዱ ሳይሰናበት፤
አዳራሹ "ኤዲያ!" አለ፣ ሳቅም ተሰማበት።
ስልኮች በሩ። "በቃ፣ አሁንማ ምን ያደርጋል?
ኑ ቀርበን እንየው፣ መብራት የለ፣ ማን ይነድፋል?"
ሰዉ ገመዱን ገፋ። እኔ አፌን ስከፍት
እሷ ቀደመችኝ፦
"ቁሙ! መብራት ነው የሄደው፤
ይሄ አልሄደም!"

በስልኩ ጭላንጭል ዘንጓን በቀኟ አንሥታ፣
በሳጥኑ ቀዳዳ ቀስ ብላ አስገብታ...
          ጧ!
አንዲት ነጭ ብልጭታ።
ካራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ በዚያች ቅጽበት፣
ሌላ የበራ ነገር አልነበረም ምናልባት።
ደገመች፤ ምንም። ሠለሰች፤ ምንም።
"አሁን ሞቷል" አለች። ያጨበጨበ የለም።

ሽልማቱን ጫጩቶቹ ወሰዱት። ያ ልጅ፣ መብራት ሲሄድ፣
እንቁላሎቹን በሹራቡ ጠቅልሎ ነበር፤ ይሁን፣ አልፈርድ።

በሚኒባስ ተመለስን፣ ሳጥኑ ጭኗ ላይ፤
ረዳቱ "ለሱም ይከፈላል" አለ፣ ዓይኑን ጥሎ ከላይ።
"ምን አለበት ውስጡ?"
ግራ እጇን ከኪሷ አወጣች፣
መስታወቱን በጣቷ ቆረቆረች፣
"አሁንማ" አለችው፣ "ምንም።"