የት ታድራለች?

«መኪናሽ ሌሊቱን የት ነው የምታድረው?»
አለችኝ ዳርሊን ከኢንሹራንሱ፣ ፎርሙን ስትሞላው።
ድምጿ ሞቅ ያለ ነው፤ ጣቷ ግን ይሰማል፣
ቁልፍ ላይ ቁጭ ብሎ መልሴን ይጠብቃል።

በእኛ አፍ «እንዴት አደርሽ?» ሰላምታ ነው ወጉ፤
«የት አደርሽ?» ሲባል ግን ክስ ነው ማዕረጉ።
እኔም ስለ መኪናዬ፣ እንደ ሴት ልጅ እናት
ደንገጥ ብዬ ዝም አልኩ፣ ስሟ እንዳይጠፋባት።

ቤቴ ምዕራብ ፊላደልፊያ ነው፣ ሃምሳ ስምንተኛ ጎዳና፤
መብራቱ የሞተ ምሰሶ ሥር ታድራለች፣ እግዜርን አምና።
ባለፈው የካቲት መስታወቷን ሰብሮ
ሌባ ምን ወሰደ? ሦስት ዶላር ዝርዝር፣ ጓንቴን ጨምሮ፣
ያውም የግራውን ብቻ፤ የቀኙ ግን ቀርቶ
ሚስቱ እንደ ሞተችበት ኪሴ ውስጥ አለ ተኝቶ።

ሰፈር እንደ ተማሪ ካርድ አለው፣ ውጤት፤
የእኛው ወድቋል አሉ፣ በግጭት፣ በስርቆት።
እኔ በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ሰው ሳልነካ
አብሬ ወደቅሁ እንጂ፣ ለብቻ ማን ሊለካ!

የአጎቴ ልጅ ዘርጋው ምክር አጥቶ አያውቅም፦
«የእኔን አድራሻ ስጪ፣ ማንም አይጠይቅም።
አፐር ዳርቢ ብለሽ ወንዙን አሻግሪያት፤
በወር ሰማንያ ዶላር ትርፍ ናት፣ ቁጠሪያት!»
ወንዝ ተብሎ ደግሞ! ኮብስ ክሪክ፣ ሱሪ ሳይሰበሰብ
የሚሻገሩት ጅረት፤ ወዲያ ማዶ ግን ሌላ ሂሳብ።

ግን ሚስተር ኦቲስን አይቻለሁ በዓይኔ፤
ፊት ለፊት ነው ቤቱ፣ ጎረቤት ነው ለእኔ።
«ፎርዴ እህቴ ጋ ነው፣ ደላዌር፣ የምታድር»
ብሎ አስመዝግቦ፣ ሲቆጥብ፣ ሲኖር፣ ሲያድር፣
አንድ ሌሊት በረዶ ጥሎ፣ ጎህ ሳይቀድ ሄደች በሌባ፤
መርማሪው ካሜራ ይዞ ሰፈራችን ገባ።
ኦቲስ አፉን ሳይከፍት አስፋልቱ ተናገረ፦
በነጩ በረዶ መሃል ደረቅ አራት ማዕዘን፣
ልክ በፎርድ ቁመት፣ ቁልጭ ብሎ ነበረ።
ሰው ይዋሻል፣ ወረቀትም፤ በረዶ ግን አይዋሽም፤
ያደረችበትን ቦታ መኪና ይዛ አትሸሽም።
ካሳ አላገኘም ኦቲስ። አሁን በአውቶቡስ ይሄዳል፤
«ፎርድህስ?» ካሉት «ደላዌር ናት» ብሎ ይስቃል።

የእኔ ግን ነገሩ እንዲህ ነው፣ ለዳርሊን ያስረዳሁት፤
እውነቱ ራሱ ሁለት ቤት አለው፣ እኔ አልፈጠርኩት።
በሳምንት አምስት ሌሊት ጅረቱን እሻገራለሁ፤
የዘጠና አንድ ዓመቷን ሚሲስ ማክጊልን እጠብቃለሁ።
ቶዮታዬ ከደጇ፣ ባሏ ያቆምበት በነበረው ሲሚንቶ ላይ
ተዘርግታ ታድራለች፣ እንቅልፍ ትጠግባለች ከእኔ በላይ።

«ሳጥኑ አንድ ብቻ ነው» አለች፣ ጥቂት ዝም ብላ፤
«ብዙውን ሌሊት የትኛው ጋ? እሱን ልሙላ።»
አፐር ዳርቢ፣ አልኩ። ውሸት አልነበረበት።
ሰማንያዋ ዶላርም ወረደች፣ በእውነት።
ደስ ሊለኝ ሲል ጠየቀች፦
«ይህ እስከ መቼ ነው?»

እስከ መቼ።
ምን ብዬ ልመልስ! የአሮጊት ትንፋሽ ነው ውሉ፤
እሷ ያቆመች ዕለት ይመለሳል ዋጋው፣ ሙሉ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትንፋሿን ሳዳምጥ
ስለ ወር ክፍያዬ አሰብኩ፤ አፈርኩ፤
ብርድ ልብሷን ላስተካክል ብድግ ስል፣ ስቀመጥ።
በመስኮት አየሁ፣ በረዶ ይጥላል፣ ድምፅ የለው፤
ቶዮታዬን ያለብሳታል፣ ከሥሯ ግን ደረቅ ነው።

ሲነጋ ሚሲስ ማክጊል፣ እንደ ሁልጊዜዋ ረስታ
«ያቺ መኪና የማን ናት?» ትላለች፣ ጣቷን ዘርግታ።
«የእኔ ናት።»
«እዚህ ነው ያደረችው?»
«አዎ።»
«ደግ አደረገች» ትለኛለች፤ «ውጭ ብርድ ነው።»